መስኮቱን አይቶ ቤቱን መርሳት፦ ከጉዛራ እስከ ስሞልቶክ

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከባሕር ዳር ተነስቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው እንፍራንዝን ሲያልፍ ሐሳቡ ቀድሞ ጎንደር ገብቷል። የሚያስበው የፋሲልን ግንብ ነው። ከእንፍራንዝ አጠገብ ከኮረብታ ላይ ሆኖ ጣናን ቁልቁል የሚመለከተውን የጉዛራን ቤተ መንግሥት ብዙው መንገደኛ ቀና ብሎ ሳያየው ያልፋል። ጉዛራ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ዐፄ ሠርፀ ድንግል እንዳሠሩት ይነገራል። ዐፄ ፋሲል ጎንደርን መናገሻ ያደረጉት ከዚያ በኋላ፣ በ1636 ገደማ ነው። ዩኔስኮ በ1979 የፋሲል ግቢን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ጉዛራም አብሮ ተመዝግቧል። የተመዘገበው ግን በተከታዩ ስም ነው። ቀዳሚው በተከታዩ ስም ይጠራል።

የኮምፒውተር ታሪክም የራሱ ጉዛራ አለው፤ ስሙ ስሞልቶክ ይባላል። ዛሬ በኮምፒውተር ገጽ ላይ የሚታዩት ተደራራቢ መስኮቶችና ብቅ የሚሉ ምናሌዎች መልክ የያዙት በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነው። ስሙን የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ይህ ሥርዓት በአንድ ወቅት በሺዎች በሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት እጅ ገብቶ እንደነበር አለመታወቁ ነው። ገባ፤ ነገር ግን ብዙም ሳይከፈት ቀረ።

ይህን ታሪክ አሁን ማንሳት ለትዝታ አይደለም። አገሪቱ አምስት ሚሊዮን ወጣቶችን ኮዲንግ አስተምራለሁ ብላ ተነስታለች። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ከወዲሁ መጠየቅ አለበት፦ ወጣቱ የሚማረው ሌላው የሠራውን መጠቀም ነው ወይስ ከፍቶ፣ አይቶ፣ እንደገና መሥራት?

*ነገሩ የተጀመረው ለልጆች ነበር*

ዜሮክስ ኩባንያ በ1970 ካሊፎርኒያ፣ ፓሎ አልቶ ውስጥ የምርምር ማዕከል ከፈተ። እዚያ ከተቀጠሩት አንዱ አለን ኬይ የሚባል ወጣት ተመራማሪ ነበር። ያኔ ኮምፒውተር ማለት ክፍል የሚሞላ፣ በባለሙያ ብቻ የሚነካ፣ የመንግሥትና የትልልቅ ድርጅቶች ንብረት ነው። ኬይ በ1972 ባቀረበው ጽሑፍ ከዚያ ዘመን እጅግ የራቀ ነገር አሰበ። እንደ ደብተር በብብት የሚያዝ፣ ልጆች የሚጽፉበት፣ የሚስሉበት፣ የራሳቸውን ፕሮግራም የሚሠሩበት ኮምፒውተር ነበር ያሰበው። ስሙንም ዳይናቡክ አለው።

መሣሪያውን በዚያ ዘመን መሥራት አይቻልም ነበር። በውስጡ የሚኖረውን ቋንቋ ግን መጀመር ይቻላል። በዚያው ዓመት ዳን ኢንግልስ የተባለ የሥራ ባልደረባው የመጀመሪያውን ስሞልቶክ እንዲሠራ አደረገው። አዴል ጎልድበርግ የምትባል ተመራማሪ ደግሞ የትምህርቱን በኩል ይዛ ልጆች በቋንቋው እንዲሠሩ አደረገች። ስሙ «ቀለል ያለ ጨዋታ» እንደማለት ነው፤ ኮምፒውተርን እንደ ጎረቤት ማነጋገር።

በ1979 መጨረሻ የአፕል ኩባንያ መሥራች ስቲቭ ጆብስ ማዕከሉን ሊጎበኝ መጣ። ጎልድበርግ ምስጢሩ ለእንግዳ እንዳይገለጥ ብትቃወምም ከአለቆቿ ትእዛዝ መጣና ታየ። ጆብስ ያየውን ይዞ ሄደ፤ በ1984 ማኪንቶሽ ለገበያ ቀረበ፤ ሌሎችም ተከተሉ፤ ዓለምም በመስኮትና በማውስ መሥራት ጀመረች።

ከዓመታት በኋላ ጆብስ ራሱ በቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ የተናገረው ነገር የዚህ ሁሉ ታሪክ ቁልፍ ነው። በዚያ ቀን ሦስት ነገር አሳይተውት ነበር። አንዱ በስዕልና በመስኮት የሚሠራው ገጽ ነው። ሁለተኛው ፕሮግራም እርስ በርስ መልእክት ከሚላላኩ ኦብጀክቶች የሚገነባበት ዘዴ ነው። ሦስተኛው በኔትወርክ የተገናኙ ኮምፒውተሮች ናቸው። እርሱ ግን በመጀመሪያው ዐይኑ ታውሮ ሁለቱን እንዳላያቸው ተናግሯል። መስኮቱን አየ፤ ቤቱን አላየም።

*«ሕያው» ማለት ምን ማለት ነው?*

ጆብስ ያላየው ቤት ምን ነበር? በተለመደው መንገድ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ይጽፋል፣ ያስቀምጣል፣ ወደ ማሽን ቋንቋ ያስተረጉማል፣ ያስነሳል። ሲበላሽ ያቆማል፣ ጽሑፉን ያርማል፣ ደግሞ ከመጀመሪያ ይጀምራል። የሚጽፍበት ቦታና ፕሮግራሙ የሚሠራበት ቦታ የተለያዩ ናቸው።

በስሞልቶክ ይህ ግድግዳ የለም። ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ይከፈታል፣ ይታረማል፣ ሳይቆም ይቀጥላል። ስሕተት ሲፈጠር ሥርዓቱ እዚያው ቆሞ ችግሩ የደረሰበትን ቦታ ያሳያል፤ ሰውየው ያርመዋል፤ ሥራውም ከቆመበት ይቀጥላል። ከዚህም አልፎ መስኮቱ፣ ምናሌው፣ ማረሚያው ራሱ የተሠራው በዚያው ቋንቋ ስለሆነ ሊከፈትና ሊታይ ይችላል። የተዘጋ ጓዳ የለውም። ማታ ሲዘጋ ሁኔታው እንዳለ በአንድ ፋይል ይቀመጣል፤ ጠዋት ሲከፈት መስኮቶቹ እንኳ ትናንት በተተዉበት ቦታ ይገኛሉ።

ይህ አሠራር ለጣና አካባቢ ሰው ከጠበቀው በላይ ቅርብ ነው። የቅኔ ተማሪ ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ በጽሑፍ ተቀብሎ ከሳምንት በኋላ ውጤት አይመልስም፤ እዚያው፣ ቃሉ ከተማሪው አፍ እንደወጣ ያርመዋል፤ ተማሪውም አስተካክሎ ይቀጥላል። ስሕተቱና እርማቱ በአንድ ትንፋሽ ውስጥ ስለሚገናኙ ተማሪው የተሳሳተበትን ምክንያት አይረሳውም። ስሞልቶክን የሠሩት ሰዎች ስለ ቅኔ ቤት የሚያውቁት ነገር ላይኖር ይችላል፤ የደረሱበት መርሕ ግን አንድ ነው። መማር ማለት ወዲያው ማየትና ወዲያው ማረም ነው።

*ወደ ብራውዘር ሲመጣ*

ኢንተርኔት ሲስፋፋ አብዛኛው የድረ ገጽ ሥራ ወደ አሮጌው አሠራር ተመለሰ። የድረ ገጽ ፕሮግራም በተፈጥሮው ረሺ ነው። ገጽ በተላከ ቁጥር ሰርቨሩ ሰውየውን ይረሳዋል፤ ፕሮግራመሩ ደግሞ ማን እንደነበረና የት እንደደረሰ በየገጹ ማስታወሻ እየያዘ ማስታወስ አለበት።

በምሳሌ እንየው። አንድ ገበሬ ማዳበሪያ ለመመዝገብ የሚሞላው ቅጽ ሦስት ገጽ አለው እንበል፤ ስም፣ የመሬት ስፋት፣ የሚፈለገው መጠን። መዝጋቢው ሦስተኛው ገጽ ላይ ከደረሰ በኋላ የመሬቱ ስፋት መሳሳቱን አይቶ የብራውዘሩን መመለሻ ይጫናል። በብዙ የድረ ገጽ ፕሮግራሞች ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ወይ የተሞላው ይጠፋል፤ ወይ ሰውየው ሁለት ጊዜ ይመዘገባል፤ ወይ «እንደገና ይጀምሩ» የሚል ጽሑፍ ይመጣል።

በ2002 አቪ ብራያንት እና ጁልያን ፊትዘል የተባሉ ሁለት ፕሮግራመሮች ሲሳይድ የሚባል መሣሪያ በስሞልቶክ አወጡ። በሲሳይድ ፕሮግራሙ ጥያቄውን ይጠይቅና መልሱ እስኪመጣ እዚያው ቆሞ ይጠብቃል። ሦስቱ ገጾች በፕሮግራመሩ ዘንድ እንደ አንድ ጭውውት ተከታትለው ይጻፋሉ፦ ስምህ? መሬትህ? መጠኑ? ሰውየው ወደኋላ ቢመለስ ሥርዓቱ ያኔ የነበረውን ሁኔታ ያስታውሳል። ፕሮግራመሩ ደግሞ በብራውዘሩ ላይ የሚታየውን ገጽ ክፍሎች እዚያው ከፍቶ መመርመር ይችላል። ስሕተት ሲደርስም ሥራው ሳይበተን ከቆመበት ታርሞ ይቀጥላል።

ይህ የቤተ ሙከራ ጨዋታ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ብራያንትና ባልደረቦቹ በዚሁ መሣሪያ ዳብል ዲቢ የሚባል አገልግሎት ሠሩ። ፕሮግራም የማያውቅ ሰው በብራውዘር ውስጥ የራሱን መዝገብ የሚያደራጅበት ነበር። ትዊተር በ2010 ገዛው። ጥቂት ሰዎች ሕያው መሣሪያ ይዘው ትልልቅ ቡድኖች የሚሠሩትን ሥራ መሥራት እንደሚችሉ አንዱ ማስረጃ ይህ ነው።

*ኢትዮጵያ የገባው ቤት*

አለን ኬይ፣ ዳን ኢንግልስና ባልደረቦቻቸው በ1996 ስኩዊክ የሚባል ነጻና ክፍት ስሞልቶክ አወጡ። በእርሱ ላይ ደግሞ ልጆች የሳሉትን ስዕል በትእዛዝ የሚያንቀሳቅሱበትን ኢቶይስን ሠሩ። ልጁ መኪና ይስላል፣ መሪ ይስላል፣ ሁለቱን ያገናኛል፤ መሪው ሲዞር መኪናው ይዞራል። መኪናው እየሄደ ሳለ ፍጥነቱን የሚወስነው ቁጥር ቢቀየር እዚያው ይፈጥናል ወይም ይዘገያል። ልጁ ሒሳብን የሚማረው በሥራው መሐል ነው።

በ2005 ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የሚለውን ዘመቻ ይፋ አደረገ። የታለመው ዋጋ 100 ዶላር ነበር፤ ወደ ምርት ሲገባ ግን ከዚያ በእጅጉ አልፏል። ኤክስኦ የተባለው አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፕ ኢቶይስን ይዞ ነበር የመጣው። ከቁልፎቹ መካከልም የሚሠራውን ፕሮግራም ምንጭ ለማሳየት የታሰበ ቁልፍ ነበረው። ልጁ የሚጫወትበትን ነገር ውስጡን እንዲያይ በግልጽ የተጋበዘበት መሣሪያ ነበር።

ኢትዮጵያም ከተቀባዮቹ አንዷ ሆነች። በ2008 በኢትዮጵያና በጀርመን ትብብር ይካሄድ በነበረው የምህንድስና አቅም ግንባታ ፕሮግራም በኩል 5,000 ያህል ኤክስኦ ላፕቶፖች ለተማሪዎች ታደሉ። የአማርኛ ፊደል የተቀመጠበት የቁልፍ ሰሌዳም ተዘጋጅቶላቸው ነበር። የዳይናቡክ ሕልም፣ ከ36 ዓመት በኋላ፣ በኢትዮጵያዊ ልጅ ቦርሳ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ከዚያስ? ላፕቶፑ የገባበት ክፍል አልተለወጠም። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ተማሪው ይገለብጣል፣ ፈተናው የተገለበጠውን ይጠይቃል። በዚያ ክፍል ውስጥ ልጅ መኪና እየሳለ የሚያሽከረክርበት ሳጥን ለመምህሩ ረብሻ ነው። በጊዜው የተከታተሉት አጥኚዎች እንደታዘቡት መምህራን በቂ ዝግጅት አላገኙም፤ መሣሪያውም ከመማሪያነት ይልቅ እንደ መጫወቻ ታየ። ከልጆቹ ጋር የመጣውን ሕያው ቤት የሚከፍትላቸው ሰው አልነበረም።

ይሁን እንጂ ነገሩ ፍሬ ቢስ ነበር ማለት አይቻልም። በ2012 በሳይንሳዊ መጽሔት የወጣ ጥናት ላፕቶፑን ያገኙና ያላገኙ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎችን አወዳድሮ ነበር። ያገኙት ልጆች በረቂቅ አስተሳሰብ መለኪያ፣ ማለትም ነገርን ከነገር በማመሳሰልና በመመደብ፣ የተሻለ ውጤት አሳይተዋል። በዚያው ዓመት ያው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ መንደሮች ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች ያለ አስተማሪ ታብሌት ሰጥቶ ነበር። የፕሮጀክቱ ሰዎች እንደተናገሩት ልጆቹ በአምስት ወር ውስጥ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው ከፍተውታል። የተነገረው በራሱ በፕሮጀክቱ አንደበት ስለሆነ በጥንቃቄ መወሰድ አለበት። ቢሆንም የሚጠቁመው ነገር አለ። ልጆቹ የመክፈት ፍላጎት አላነሳቸውም። ያነሰው የሚከፈት ነገር መስጠትና ሲከፍቱት አለመቆጣት ነው።

*ስሞልቶክ ለምን ተሸነፈ?*

እዚህ ላይ ሚዛን መጠበቅ ያስፈልጋል። ስሞልቶክ ከገበያ የወጣው በሤራ አይደለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የንግድ ስሞልቶኮች ዋጋ ውድ ነበር፤ ጃቫ ግን በ1995 በነጻ መጣ። ሁሉን በአንድ ፋይል ማስቀመጡ ለአንድ ሰው ምቹ ቢሆንም ብዙ ሰው በጋራ ሲሠራ ችግር ያመጣል፤ ሌላው ዓለም ከሚጠቀምባቸው መሣሪያዎች ጋርም በቀላሉ አይግባባም። ሥራ ፈላጊ ወጣት ደግሞ ቀጣሪ የሚጠይቀውን ይማራል። ዛሬ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሚመረቅ ተማሪ ጃቫስክሪፕትን ትቶ ስሞልቶክን ብቻ ይማር ቢባል ልጁን መበደል ነው።

ነገር ግን የተሸነፈው ምርቱ እንጂ ሐሳቡ አይደለም። በዓለም ዙሪያ ልጆች ፕሮግራም የሚማሩበት ስክራች በ2007 ሲወጣ የተጻፈው በስኩዊክ ነበር። በ2019 የወጣው ሦስተኛው ስሪት በጃቫስክሪፕት ተጽፎ በብራውዘር ውስጥ ይሠራል፤ ገጹም በአማርኛ ይከፈታል። ስክራች ጎንደር ነው ቢባል ስኩዊክ ጉዛራው ነው። ልዩነቱ ግን ልብ ሊባል ይገባል። በስክራች ልጁ በተሰጡት ብሎኮች ይገነባል፤ ብሎኩ ራሱ ከምን እንደተሠራ ግን ከዚያው ሆኖ ከፍቶ አያይም። በስኩዊክ ግን እስከ መሠረቱ ድረስ መውረድ ይቻላል።

ስኩዊክ ራሱም ወደ ብራውዘር መጥቷል። ቫኔሳ ፍሮይደንበርግ የተባለች ፕሮግራመር ከ2013 ጀምሮ በሠራችው ስኩዊክጄኤስ አማካይነት ሙሉው ሕያው ሥርዓት፣ በኤክስኦ ላፕቶፕ ላይ የነበረው ኢቶይስ ጭምር፣ ምንም ሳይጫን በብራውዘር ውስጥ ይከፈታል። አምበር የሚባለው ሌላ ስሞልቶክ ደግሞ የተጻፈውን ወደ ጃቫስክሪፕት ይቀይራል፤ ፕሮግራመሩም ገጹ እየሠራ ሳለ እዚያው ብራውዘር ውስጥ ያርመዋል። ፊደልን በተመለከተም መንገዱ ክፍት ነው፤ የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ ብራውዘር አማርኛን ያለ ልዩ መሣሪያ ያሳያል። በ2008 ላፕቶፕ በመርከብና በአውሮፕላን ተጭኖ መምጣት ነበረበት። ዛሬ ያ ሁሉ በአንድ ፍላሽ ይያዛል።

*ኔትወርክ ሲጠፋ*

ይህ ለእንፍራንዝ፣ ለአዲስ ዘመን፣ ለወረታና ለባሕር ዳር ተራ የቴክኒክ ወሬ አይደለም። በኦገስት 2023 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀበት ሰሞን ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለበርካታ ወራት ተቋርጦ ቆይቷል። በዚያ ወቅት በኢንተርኔት ብቻ የሚሰጥ ትምህርት ለክልሉ ወጣት እንደሌለ ነበር። ስልኩ በእጁ ነው፤ ብራውዘሩም በስልኩ ውስጥ ነው፤ ትምህርቱ ግን ባሕር ማዶ ባለ ሰርቨር ላይ ተቀምጧል።

ሕያው ሥርዓት በብራውዘር ውስጥ ሲሠራ ነገሩ ይለወጣል። ሥራው የሚካሄደው በተማሪው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ውስጥ ነው። በአንድ ትምህርት ቤት ያለ አንድ ኮምፒውተር፣ ኢንተርኔት ባይኖረውም፣ በዋይፋይ ሥርዓቱን ለክፍሉ ተማሪዎች ሁሉ ማደል ይችላል። ተማሪው የሠራው ሥራም በራሱ ብራውዘር ውስጥ ይቀመጥለታል። ይህ የሰላምን እጦት አይተካም፤ መብራት በሌለበትም መብራት አያመጣም። ነገር ግን መስመር በተቆረጠ ቁጥር አብሮ የሚቆረጥ ትምህርትና መስመር ሳይኖርም የሚቀጥል ትምህርት አንድ አይደሉም።

*አምስት ሚሊዮን ምን ይማር?*

በጁላይ 2024 መንግሥት ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የአምስት ሚሊዮን ኮደሮችን ንቅናቄ ጀመረ። ትምህርቱ በኢንተርኔት ይሰጣል፤ የፕሮግራሚንግ መሠረታዊ ዕውቀት፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ፣ ዳታ ሳይንስና ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይገኙበታል፤ ያጠናቀቀ ሰርተፍኬት ያገኛል። ዓላማው የሚነቀፍ አይደለም። ለብዙ ወጣት የመጀመሪያው በር ሊሆን ይችላል።

የ2008 ልምድ ግን ማስጠንቀቂያ ትቶ አልፏል። ያኔ ስኬት የተቆጠረው በታደለው ላፕቶፕ ብዛት ነበር። አሁን ደግሞ በተሰጠው ሰርተፍኬት ብዛት እንዳይቆጠር ያሰጋል። ላፕቶፕ ቆጥሮ የከፈተውን ልጅ አለመቁጠር፣ ሰርተፍኬት ቆጥሮ የተሠራውን ሥራ አለመቁጠር፣ ሁለቱም መስኮቱን አይቶ ቤቱን መርሳት ነው።

ሊደረግ የሚችለው ነገር ከባድ በጀት የሚጠይቅ አይደለም። ከጣና ዳርቻ ትምህርት ቤቶች በጥቂቱ መጀመር ይቻላል። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ዋይፋይ ማሠራጫ፣ በብራውዘር የሚከፈት ሕያው ሥርዓት በቂ መነሻ ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተማሪዎች መመሪያውን በአማርኛ ቢያዘጋጁ ለእነርሱም መመረቂያ ሥራ፣ ለልጆቹም መማሪያ ይሆናል። ከመሣሪያው በፊት ግን መምህሩ ይቅደም። ልጆቹን የሚጠብቅ መምህር ራሱ ለጥቂት ሳምንታት መኪናውን ስሎ፣ መሪውን አገናኝቶ፣ አበላሽቶና አርሞ ይየው። በ2008 የተዘለለው ይህ እርምጃ ነበር። ልጁም የሠራውን ሲያቀርብ የሚጠየቀው «ስንት ኮርስ ጨረስክ?» ተብሎ መሆን የለበትም። «ክፈተውና ውስጡን አሳየኝ፤ ይህን ብትቀይረው ምን ይሆናል?» ተብሎ ይጠየቅ። መልሱን እዚያው ቀይሮ ማሳየት የቻለ ልጅ ተምሯል።